የሌላ ሰው የደም ዓይነት

ሚስራ ከሜክሲኮ አደባባይ አለፍ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ቢሮ ተከራይታ የድረ ገጽ ሥራ ትሠራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አብነት ሰፈር ላለ አነስተኛ ክሊኒክ የላብራቶሪ ውጤት ማሳያ ገጽ ሠራች። ሐኪሙ ከታካሚዎቹ ስም አንዱን ሲነካ ገጹ ውጤቱን በኢንተርኔት ጠይቆ ያመጣል፤ መልሱ እንደደረሰ ስክሪኑ ላይ ያለው ራሱን በራሱ ይቀይራል። ማንም ሰው ምንም መጫን አይጠበቅበትም። ሚስራ በጣም የምትኮራበትም ይህንኑ ነበር።

ክረምት ሲገባ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ዱሬሳ አስጠሯት። በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። የአንዲት ነፍሰ ጡር የደም ዓይነት ፖዘቲቭ ነው ተብሎ ስክሪኑ ላይ አይተዋል። ሴትየዋ ግን ኔጌቲቭ መሆኗን ከቀድሞ እርግዝናዋ ታውቅ ስለነበር ተከራከረቻቸው። ደግመው ሲከፍቱት እውነትም ኔጌቲቭ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው የመጀመሪያው አልነበረም።

«ውጤት የሚቀይር፣ ሲነቃበት ደግሞ መልሶ የሚያስተካክል ሰው አለ» አሉ። የጠረጠሩት እንዳለች የምትባለውን የላብራቶሪ ባለሙያ ነበር።

ሚስራ ሲስተሙን ስትፈትሽ ማንም አንድ ፊደል እንዳልነካ አየች። ይሄ ግን ልቧን አላሳረፈላትም፤ ምናልባት ዱካውን ማጥፋት የሚያውቅ ሰው ይሆናል አለች በሆዷ። እንዳለች ደግሞ ሚስራ ወደ ክፍሏ በገባች ቁጥር ወሬዋን ታቋርጥ፣ ስክሪኗንም ወደ ግድግዳው ታዞር ጀመር። አንድ ቀን ቀና ሳትል፣

«ከቢሮሽ ሆነሽ እዚህ ሲስተም ውስጥ መግባት ትችያለሽ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት።

ሚስራ እንደምትችል ነገረቻት። እንዳለች ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች።

በመጨረሻ ሚስራ ከዶክተሩ ጋር ተስማምታ እሳቸው ክፍል ተቀመጠች። ላብራቶሪውን በሚያሳየው መስታወት በኩል እንዳለችን ትጠብቃለች። የዚያን ቀን ዝናቡ አላባራም፤ ኢንተርኔቱም እንደ ልብ አልሠራ አለ። ዶክተሩ ወርቄ የሚለውን ስም ነኩ። ምንም አልመጣም። ተሰላችተው ወደሚቀጥለው አለፉና የሳዲያን ነኩ። የሳዲያ ውጤት መጣ። ብዕራቸውን ሲያነሱ፣ ከላይ የሳዲያ ስም እንዳለ ከሥሩ ያለው ውጤት ተቀየረ።

ሚስራ በመስታወቱ አሻግራ አየች። እንዳለች እጇን እየታጠበች ነበር።

«ዶክተር፣ እንዳይጽፉ» አለች።

የሆነውን አስረዳቻቸው። የወርቄ መልስ መንገድ ላይ ሲዘገይ የሳዲያ ቀድሞት ደርሷል፤ በኋላ የወርቄ ሲመጣ ገጹ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ በሳዲያ ስም ሥር አስቀምጦታል። እሷ ቢሮ ኢንተርኔቱ ፈጣን ስለሆነ መልሶቹ ሁልጊዜ በተራቸው ይደርሱ ነበር። ዶክተሩ በጥርጣሬ አዩዋት። እንዳለችን ለማዳን የፈጠረችው መሰላቸው። ስሞቹን እያቀያየሩ ራሳቸው እንዲነኩ አደረገቻቸው፤ እንደገና የአንዱ ውጤት በሌላው ስም ሥር ሲወድቅ በዓይናቸው አዩ።

«ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው» አለቻቸው።

እስኪስተካከል ድረስ በገጹ እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቃቸው ሄደች። ስትመለስ ገጹ የሚመጣውን መልስ ከተከፈተው ስም ጋር የሚያመሳክር፣ ካልተገናኘም የሚጥል ሆኗል። መልስ እስኪደርስ ድረስም ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ስክሪኑ ላይ ታይተው የነበሩት ውጤቶች በሙሉ ከላብራቶሪው ጋር እንደገና ተመሳከሩ።

ዶክተሩ ለእንዳለች የኮምፒውተር ችግር ነበር ብቻ ብለው አለፉ። ሚስራ ግን ክፍሏ ድረስ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«መስታወቱ ጋ የተቀመጥሽው እኔን ልትጠብቂ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ እንዳለች።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለች እንዳለች፤ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ እንዳለች የደም ዓይነት ውጤትን በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ራሷ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ታደርሳለች። ዶክተሩ ገጹ ተስተካክሏል ብለው ሊያስተዉአት ቢሞክሩም እሺ አላለችም። ሚስራም እንድትተው አልጠየቀቻትም።