ማዮም የለቀቀልኝ ወንበር

ሰልፍ የሚያልፍ ሰው አልወድም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጁባ ውስጥ ልጆችን በሰልፍ ወደ ክፍል ሳስገባ የኖርኩ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፤ ከፊቴ ሾልኮ ሊገባ የሚሞክር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ማዮምንም መጀመሪያ ያወቅሁት በዚሁ ጠባዬ ነው።

ካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርን፣ ገና በማለዳ። ወደ ጁባ የምንመለስ ሰዎች ሻንጣችንን ይዘን ተሰልፈናል። አንድ በጣም ረጅም፣ አምሳ ዓመት የሚሆነው ሰውዬ የሻንጣ ጋሪውን ተደግፎ ከኋላ መጣና፣ «ወንድሞች፣ ካልከፋችሁ ልለፍ። ፊት ያለውን ሰፊ ወንበር ሳይወሰድ ልጠይቅበት ነው» አለ። ሌሎቹ ዘወር ዘወር እያሉ አሳለፉት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ አላሳለፍኩትማ።

«ለምን ብዬ? ረጅም ስለሆንክ ነው?» አልኩት። «እዚህ የተሰለፍነው ሁላችንም ዲንካዎች ነን። ማን አጭር አለና?»

ሰው ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀና፣ «አስተማሪ ነህ መሰለኝ» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«እንደ ተማሪ ተቆጣኸኝ። እሺ ኡስታዝ፣ ካንተ ኋላ እሆናለሁ» ብሎ ጋሪው ላይ እንደተደገፈ ቆመ። ሰነፍ ሰው፣ አልኩ በልቤ፤ መቆም እንኳ ይከብደዋል።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ጠዋት ንዴቴ በሱ ብቻ አልነበረም። ከጎኔ አማቴ አሉዌል ነበሩ። የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ስለጎዳው ካይሮ ተወስደው ግራ ዓይናቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ዓይናቸው በፋሻ እንደታሰረ ወደ ቤት እየመለስኳቸው ነው። ባለቤቴ አጆክ የስምንት ወር እርጉዝ ነች፤ ወንድሞቿ ደግሞ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ አማትን በአውሮፕላን ይዞ የመሄድ ዕጣ አማች ላይ ወደቀ።

በኛ ዘንድ አማትና አማች አንዱ በሌላው ፊት እህል አይቀምስም። ጥል ኖሮን አይደለም፤ መከባበራችን ነው። ከአጆክ ጋር ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስኖር አማቴ ውሃ ሲጠጡ እንኳ አይቼ አላውቅም። ስንነጋገር እሳቸው መሬቱን ያያሉ፣ እኔ ግድግዳውን። ካይሮ በቆየንባቸው ሦስት ሳምንታት አይን ሻምስ የሚባል ሰፈር ያሉ የዘመድ ሴቶች ሲንከባከቧቸው፣ እኔ ሌላ ቤት እያደርኩ ሐኪም ቤት ብቻ ነበር የምንገናኘው። አውሮፕላን ላይ ግን ሌላ ቤት የለም።

አጆክ በስልክ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። «እናቴ ዝም ካለችና ካላባት ስኳሯ ወርዷል ማለት ነው። ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰች ራሷን ትስታለች፣ ላትነቃም ትችላለች። ልብ በል» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። በስልክ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ሆኖ ወንበር የሚመድበውን ልጅ አራርቀህ አስቀምጠን ልለው ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ። «እናትህ ናቸው?»

«የባለቤቴ እናት ናቸው።»

«አላህ ይባርክህ። እንዳንተ ያለውን ያብዛልን። ጎን ለጎን አድርጌያችኋለሁ።»

«የለም፣ አራርቀን» ስለው ሴትዮዋን በረሃ ላይ ጥዬ ልሄድ ያሰብኩ ይመስል አየኝ። «አንድ ዓይናቸው የታሰረ ሴትዮ ብቻቸውን አይቀመጡም። ደግሞም አውሮፕላኑ ሞልቷል» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። በደግነት የተሠራ ስህተትን ማረም ከባድ ነው።

አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘገየ። አማቴ ከቤት ሲወጡ የስኳር መርፌያቸውን ተወግተዋል፤ የዘመድ ሴቶች ዳቦ፣ የተቆላ ኦቾሎኒና ጥቂት ቴምር በከረጢት ቋጥረውላቸዋል። እኔ ዞር ልበልና ይብሉ ብዬ ተነስቼ አሥር ወንበር አልፌ ተቀመጥኩ። ዞር ስል ከረጢቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከኋላዬ ቆመዋል። ወደ መስታወቱ ሄድኩ፤ ተከተሉኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ፤ ስወጣ በሩ ላይ አገኘኋቸው። መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ፣ ሰው በዛብኝ» አሉኝ። በአንድ ዓይን፣ በማያውቁት አገር ያሉ ሴት ናቸው፤ ልቆጣ አልቻልኩም። ከረጢቱ እንደተቋጠረ ተሳፈርን።

አውሮፕላኑ ሁለት ሁለት ወንበር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። አማቴ መስኮቱ ጋ፣ እኔ መተላለፊያው ጋ፣ ክንዳችን ሊነካካ ነው። ያ ረጅሙ ሰውዬ የተመኘውን አግኝቶ ከኛ ሁለት ረድፍ ፊት፣ ከሁሉ መጀመሪያ ያለው ሰፊ ቦታ ላይ አንድ እግሩን እስከ ግድግዳው ዘርግቶ ተቀምጧል። ተንደላቀቀ፣ አልኩ።

ምግብ ሲታደል ሆዴን አሞኛል ብዬ የኔን መለስኩና ጀርባዬን ለአማቴ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ጀርባ በቂ አልሆነም። «ጠግቤያለሁ» ብለው ሳህኑን በወረቀቱ ሸፈኑት። ቆይቶ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። እጃቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ከፋሻው ሥር ላብ ይወርዳል፤ ጨዋታም ጸሎትም ትተው ጭጭ ብለዋል።

ልነሳ ስል አውሮፕላኑ መናጥ ጀመረ፤ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት በራ። ግብፃዊቷ አስተናጋጅ መጥታ አስቀመጠችኝ። «እባክሽ ቦታ ቀይሪልኝ» አልኳት። «እኔ እዚህ እያለሁ አይበሉም፤ ስኳራቸው ወርዷል።»

«ታዲያ አንተ አጉርሳቸዋ» አለችኝ፤ «እናትህ አይደሉ እንዴ?» ጭማቂ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀበቶዋን ልታስር ሮጠች። አማቴ ጭማቂውን አልነኩም።

በዘጠኝ ዓመት ያላደረግሁትን አደረግሁ። «እናቴ፣ እባክዎ ይቅመሱ» አልኩ። በትከሻቸው ላይ የጣሉትን ጨርቅ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ይህን አትበለኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ነበር። ጨርቁን ገልጬ በግድ ላጉርሳቸው ወይስ ክብራቸውን ጠብቄ ከጎኔ ይሙቱ? ለአጆክስ የትኛውን ብዬ እነግራታለሁ? እጄ የቴምሩ ከረጢት ላይ እንዳለ አንዱንም ማድረግ አቅቶኝ ቀረሁ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ከላዬ መብራቱን ከለለው። ረጅሙ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

«ኡስታዝ፣ ጠዋት በሰው ፊት የተቆጣኸኝ አንተ ነህ አይደል?»

«አሁን ጊዜው አይደለም» አልኩት።

«ጊዜውማ አሁን ነው። ተነስ። ያ ሰፊ ወንበር እርግማንህ ደርሶበት ቀዝቃዛ አየር አናቴ ላይ ይለቅብኛል። አንተ ሂድና ብረድበት።»

አስተናጋጇ ከፊት ተቀመጡ ብላ ጮኸች። «ልጄ፣ እኔ እቀመጥ ነበር፤ እሱ ነው የማይነሳልኝ» አላት።

አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ገባኝ። የኛ ሰው ነው፣ ሁሉንም ከፊት ሆኖ ሰምቷል። ለአማቴ የተደረገ ነገር እንዳይመስል ቂሙን የሚወጣ ሰው መስሎ መጣ። ተነሳሁ። እሱም ወንበሬ ላይ ቀስ እያለ ተቀመጠ፤ ግራ እግሩ አልገባ ሲለው በሁለት እጁ ገፍቶ አስገባው። ፊቱ ጭምድድ ሲል ቁመቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰፊው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። መዞር አልችልም፤ ከዞርኩ ሁሉም ይበላሻል። ጆሮዬን ብቻ ወደ ኋላ ላክሁ።

«እናቴ፣ ማዮም እባላለሁ፤ የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። አንድ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ ብቻዬን ስበላ እህል ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።»

ከዚያ የአማቴ ቀጭን ድምፅ መጣ። «የማን ልጅ ነህ?»

አባቱን ነገራቸው፣ አያቱን ነገራቸው። «ከኛ ዘንድ የወሰዳችሁት ሴት አለች?» አሉት። ሰውነታቸው በላብ እየታጠበ እሳቸው የጋብቻ ሐረግ ይቆጥራሉ፤ እሱም አማች ከሆነ ፊቱ አይበሉማ። እኔ ፊት ሆኜ ወንበሩን በጥፍሬ ቧጠጥኩት።

«አንዲትም የለችም። ወንድሞቼ በሙሉ ወንዝ ማዶ ነው ያገቡት። እኔም አግብቻለሁ፤ ልጅዎን ይጠይቀኛል ብለው እንዳይሰጉ። እንዴ፣ ቴምር ነው የማየው? በሉ እሱን እናስቀድመው።»

ከረጢቱ ተንኮሻኮሸ። ብዙ የቆየ መሰለኝ። ቀጥሎ ኦቾሎኒ ሲቆረጠም ሰማሁ፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁለት ሰው። ቆይቶም ማዮም ስለ አንድ ፓምፕ ውስጥ ስለገባ እንቁራሪት ሲያወራ አማቴ ሳቁ። ያን ሳቅ ስሰማ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ጠዋት በሰልፍ የከለከልኩት ሰው ሚስቴን ከሐዘን፣ እኔን ዕድሜ ልክ ከሚከተል ጸጸት ያዳነን በአንድ የቅጥፈት ቀልድ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል በረርን። እግሬን ዘርግቼ።

ጁባ ስናርፍ ሰው ሁሉ ወረደ። አማቴን አስተናጋጇ እጃቸውን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻቸው። ማዮም ግን አልተነሳም። «ቅደም፣ እመጣለሁ» አለኝ። አልቀደምኩም። ሱሪውን ከግራ እግሩ ላይ ትንሽ ሰብሰብ ሲያደርግ ከታፋው እስከ ቅልጥሙ የተጠመጠመ ፋሻ አየሁ፤ ጉልበቱ ላይ ደም አዝሏል።

ካይሮ የሄደው ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ነው። ከጁባ እስከ ተረከካ ድረስ ባሉ መንደሮች ፓምፕ ሥር ሃያ ዓመት ሲንበረከክ ጉልበቱ አልቋል። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገለት ገና አሥረኛ ቀኑ ነበር። ሐኪሙ እስከ ቤትህ ቀጥ አድርገህ ዘርጋው፣ አንዴም አትጠፈው ብሎታል። ሰፊውን ወንበር የፈለገው ለዚህ ነው።

«ለምን ጠዋት አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ሰልፍ ላይ ሱሪዬን ልሰብስብልህ እንዴ?»

«አጥፍቻለሁ፣ ማዮም። ይቅር በለኝ።»

«በኋላ ትጸጸታለህ፤ አሁን ትከሻህን ስጠኝ። ለሴትዮዋ ግን እንዳትነግራቸው። የበሉት ይመርባቸዋል።» ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጥን፣ በዚያ ሙቀት ወረድን።

ጉልበቱ እስኪድን ሌላ ሁለት ወር ፈጀበት። ጉደሌ በሚባለው የጁባ ሰፈር፣ ከኛ ቤት ብዙ ሳይርቅ ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፤ አሁንማ እሱን ካላየሁ ቀኑ እሁድ አይመስለኝም። ሥራ ሲጀምር መንበርከክ ስለተከለከለ ዝቅ ያለ በርጩማ አሠራሁለት፤ ግራ እግሩን አውሮፕላኑ ወንበር ላይ እንዳየሁት ዘርግቶ ይጠግናል። ፓምፑ ውሃ ሲሰጥ ሴቶቹ መጀመሪያ ጠጣ ይሉታል። እሱ ግን ጀሪካኖቹ ሁሉ እስኪሞሉ ይጠብቅና መጨረሻ ላይ በመዳፉ ይጎነጫል። ጠባዩ ነው፤ ለኔ ብቻ ያደረገው እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው።

አጆክ ሴት ልጅ ወለደች። አማቴ ሊያርሷት መጡ፤ ፋሻው ወልቆላቸው ደህና ያያሉ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ደብተር ሳርም፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ለልጃቸው ሲናገሩ ሰማሁ። እኔ እንድሰማ ነው።

«ባልሽን ጠይቂልኝ። የዚያ ረጅም ሰውዬ ጉልበት ዳነ ወይ በይው።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

«የምን ጉልበት ነው እናቴ?» አለች አጆክ።

«ያልታሰረ ዓይን ነበረኝ እኮ። ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። ከኔ ይልቅ እሱን ነበር የሚያልበው። እንዳላውቅበት ስለ እንቁራሪት ሲያወራልኝ እኔም ያላወቅሁ መስዬ ሳቅሁለት። ያንን የአውሮፕላን ዳቦም በላሁለት። ካርቶን ነው። ግን ሰው ለኔ ብሎ እንደዚያ እየታመመ እንዴት አተርፋለሁ? የሱን ድርሻ ጭምር ጨረስኩለት።» ቀጥለውም፣ «ይህን ውሰድለት በይው» አሉ። በመጋረጃው ሥር አንድ ከረጢት ወጣ። ራሳቸው የቆሉት ኦቾሎኒ ነው።

ማዮምን ፓምፕ ሲጠግን አገኘሁት። «ያውቁ ነበር» አልኩትና ያሉትን ሁሉ ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠ። ሁልጊዜ የማይታጣው ቀልድ ጠፋበት። ከዚያ የዘረጋውን እግሩን እያየ፣ «ዳቦውንም?» አለ።

«ያንተን ጭምር።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ከረጢቱን ፈታ፣ አፍሶ ቆረጠመ፣ ለኔም አፍሶ ዘረጋልኝ። ከአማቴ እጅ የወጣ ነውና ሳላስበው ግድግዳ እንደሚፈልግ ሰው ፊቴን አዞርኩ።

«ብላ እንጂ ኡስታዝ» አለኝ፤ «እኔ አማትህ አይደለሁም።»