የኔታ ለሁለት ጣቢያ የሰጡት ቃል

ቅዳሜ ዕለት ሞጣ፣ አጎቴ ቤት ምሳ ላይ ነን... ከቢቸና የሚያመጣው መንገድ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነው። እኔ እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ አጎቴና ጎረቤቱ ጋሽ አያሌው ክርክር ይዘዋል።

«ቢቸና አሥራ ሰባት ሰው አልቋል!» ይላል አጎቴ።

«ዝንብ አልሞተም! ሰላም ነው ተብሏል፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁ» ይላሉ ጋሽ አያሌው።

እኔ ቢቸና የማስተምር፣ ቢቸና የምኖር፣ ያን የተኩስ ሰሞን አልጋ ሥር ተኝቼ የሰነበትኩ ሰውዬ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። «ኧረ እኔን ጠይቁኝ! በእኛ ሰፈር የሞተው አንድ ሰው ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «አንተ ደግሞ የትኛውን ጣቢያ ነው የምትሰማ?» አለኝ አጎቴ።

«እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ!»

«እንግዲያው አትከታተልም ማለት ነው» አለና ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።

የሚያናድደኝ ደግሞ የሁለቱም ዜና ምንጭ አንድ ሰው መሆናቸው ነው... የኔታ። አከራዬ ናቸው። ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ውሸት ቢከፍሏቸው የማይናገሩ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተኩሱ በበረደ ማግስት የየኔታ ስልክ ጮኸ። አንድ ጣቢያ ነው። እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ያዝኩላቸው። አጠገባችን የሺ ቆማለች። ጎረቤታችን ናት፣ የሞተው ባሏ ነው፣ ሙሉጌታ። ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። እህል እየፈጨ እያለ ጥይት አገኘው። ጥይቱ ከየት በኩል እንደመጣ እስከ ዛሬ ይጣሉበታል። ሰፈሩ ደግሞ ቀብሩ ሳይደርቅ «ታጣቂ ነበር አሉ» ማለት ጀምሯል።

«የኔታ፣ ሌላ አልልም። ስሙን ይጥሩልኝ፣ ወፍጮ ላይ ነበር ይበሉልኝ» አለቻቸው።

ጋዜጠኛው ጨዋ ነው። «እንደምን አሉ አባታችን? አካባቢው እንዴት ነው?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላም ነው። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

ሰላምታ ነው እንግዲህ! በእኛ አገር ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት ዋልክ?» ከተባለ መጀመሪያ «ደህና» ይላል፣ ከዚያ ነው ውሃ አምጡልኝ የሚለው። የኔታም «ነገር ግን አንድ ሐዘን...» ብለው ሲጀምሩ ጋዜጠኛው አመስግኖ ዘጋው። በዜናው ሰዓት «የቢቸና ነዋሪዎች ደህና ነን፣ ሰላም ነው ሲሉ ተናገሩ» ተባለ። ከነድምፃቸው!

በነጋታው ሁለተኛው ጣቢያ ደወለ። ይሄኛው ሰላምታም አያውቅም። «አባት፣ የሞቱትን ስም ይንገሩን» አለ። የሺ ነጠላዋን አጥብቃ ጠጋ አለች።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው የሞተ ሰው ስም ሲጠሩ ጠዋት ጠዋት በጸሎት በሚጠሩበት ተራ ነው፣ ከድሮው ጀምረው። የቀደመውን ዘሎ የቅርቡን መጥራት ለእሳቸው ነውር ነው።

«ወልደ ሩፋኤል...» መምህራቸው ናቸው፣ እኔ ሳልወለድ በእርጅና ያረፉ። «ወለተ ማርያም...» እናታቸው። «ገብረ ሕይወት...» አጎታቸው፣ ቆላ ወርደው ወባ የገደላቸው።

«የኔታ፣ የአሁኑን! የአሁኑን!» እያልኩ በሹክሹክታ እለምናለሁ። በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። ጋዜጠኛው «እሺ... እሺ...» እያለ ይጽፋል። አሥራ ሰባተኛው ስም ላይ ኔትወርኩ ጠፋ።

ሙሉጌታ አሥራ ስምንተኛ ነበር።

በዜናው አሥራ ሰባቱም «በግፍ ተገደሉ»፣ የየኔታ እናት ሳይቀሩ። የሺ ሰምታ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ገባች። እኔ ስልክ ከመያዝ ሌላ ምንም ያላደረግኩት ሰውዬ አፈርኩ፣ አሁንም አፍራለሁ።

ይሄን ሁሉ ምሳ ላይ ተረክሁላቸው። አጎቴ እስኪያነባ ሳቀ። ጋሽ አያሌውም ሳቁ። ከዚያ አጎቴ ዓይኑን ጠረገና «እሱስ ይሁን... ግን አሥራ ሰባት ሰው አልቆ ሰላም ነው ይባላል?» ብሎ ወደ ጋሽ አያሌው ዞረ። ክርክሩ እንደገና ከሀ ተጀመረ።

ወጥ ልትጨምር የመጣችው የአጎቴ ሚስት ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ልጄ፣ የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው? ነገ ቅዳሴ ስሄድ ላስጠራው።»

የዓይን እማኝ ነኝ ብዬ ስፎክር የቆየሁት እኔ አላውቀውም። ጎረቤት ሆነን ኖረን፣ ቀብሩ ላይ ቆሜ፣ አልጠየቅኩም።

ወጣ ብዬ ለየኔታ ደወልኩ። «እንደምን አሉ የኔታ?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላም ነው።»

የሙሉጌታን የክርስትና ስም ጠየቅኳቸው። «ኃይለ ሚካኤል» አሉኝ። «ያ ሁሉ ሰው ሲደውል ይህችን የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ልጄ።»

«እኔ አይደለሁም የኔታ፣ የአጎቴ ሚስት ናት» አልኳቸው። ምስጋናውን ልቀማ አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም።

በሉ እንግዲህ፣ የሺ የለመነችውን እኔ ልበል። ስሙ ሙሉጌታ ነው፣ ወፍጮ ላይ ነበር። ኮሜንት ላይ የትኛውን ጣቢያ እንደምሰማ ከመጠየቃችሁ በፊት «ነፍስ ይማር» በሉ።