«ገባሁ» ሳይሉኝ የገቡ ዕለት

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ በፈረንጆቹ 2011፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ ፎል ላይ ነው። ዛሬም ሥራ ቦታ ስልኬ ሲጠራ ማን እንደሆነ ሳላይ አነሳለሁ።

ጋሽ መኮንን ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ እኛ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። አንዱ ጫካ ውስጥ ትንሽ ሣጥን ይደብቃል፤ ሌላው በጂፒኤስ፣ ቦታ በሚጠቁም መሣሪያ፣ ፈልጎ ያገኝና ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ፈርሞ ይመልሰዋል። «በዚህ ዕድሜዎ ድብብቆሽ!» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ደብተሩ ላይ በአማርኛ የምንጽፈው እኛ ብቻ ስለነበርን፣ አንዳችን ለሌላው መልእክት እንተው ነበር።

ብቻቸውን ሲሄዱ ደውለው ቦታውን ይነግሩኝና «ገባሁ» ይሉኛል። ሲጨርሱ «ወጣሁ»። «ሰው ብቻውን ጫካ ሲገባ፣ መቅረቱን የሚያውቅለት አንድ ሰው ይኑረው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ኢቶቢኮ ባለው ዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉ። ሱፐርቫይዘሬ አጠገቤ ቆሟል። «ውይ ጋሽዬ! ሺፍት ላይ ስሆን አይደውሉልኝ እንጂ» ብዬ ዘጋሁባቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በሳምንቱ ቅዳሜ ሺፍት ነበረኝ። አልደወሉም። እኔም እፎይ አልኩ።

አመሻሽ ላይ ልጃቸው ቤቲ በሬን አንኳኳች። «አባዬ አንቺ ጋ ነው?» የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፖሊስ በማግስቱ አንድ ጫካማ ሸለቆ ውስጥ፣ ከቁልቁለት ሥር አገኛቸው። እግራቸው ተሰብሯል፤ ስልካቸው ራቅ ብሎ ወድቋል። የገደላቸው ስብራቱ ሳይሆን የሌሊቱ ብርድ ነው አሉን። ደውለውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ «ወጣሁ» ሳይሉኝ ሲቀሩ ሳይመሽ ይደረስላቸው ነበር።

ከአርባቸው በኋላ ጂፒኤሳቸው ላይ የቀረውን ምልክት ይዘን ከቤቲ ጋር ሄድን። ሣጥኑን አገኘነው። ደብተሩ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ የእሳቸው ነው፦

«ሂሩትዬ፣ ሥራ ላይ ነሽ ብዬ አልደወልኩም። ስትመጪ እግርሽን ጠብቂ፤ ቁልቁለቱ ቅጠል ለብሶ ያንሸራትታል።»

እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቤቲ አማርኛ ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል? ሪድ ኢት ቱ ሚ» አለችኝ።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አነበብኩላት።

አሁን ጫካ ስገባ የምደውለው ለእሷ ነው። «ገባሁ» ስላት፣ ሚቲንግ ላይ ብትሆን እንኳ ታነሳለች። «ኦኬ ሂሩትዬ፣ ስትወጪ ኮል አድርጊኝ» ትለኛለች። አንድም ቀን ሥራ ላይ ነኝ ብላኝ አታውቅም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አልነገርኳትም።