ዘጠና ዘጠነኛው ፍሬ

እኔ ሰው ማመስገን አልወድም። ገራዶ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ የኖርሁ ሰው ነኝ። ወገቤ እንኳን ለምስጋና ለሰላምታም አይጎነብስልኝም። ስለ ጀሊላ ግን ዝም ብል ነውር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ስለሷ የሚወራው ደግሞ ግማሹ ፈጠራ ነው። አንዱ ፓይለቱን ተሳደበች ይላል፣ ሌላው ሞተሩ ሥር ተኛች ይላል። ኧረ ወዲያ! እዚያው ከነበርሁት ከኔ ከቀለሙ ስሙ።

ጀሊላ የደሴ ፒያሳ ልጅ ናት። አያቷ ከየመን መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ ኖሩ፣ አባቷም እዚያው ሱቅ ውስጥ አረጁ፤ እሷም ሜትር ይዛ ጨርቅ ትለካለች ተብሎ ታስቦ ነበር። እሷ እቴ! አንድ ቀን ማስታወቂያ አየችና ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ ጊዜያዊ ጫኝ ሆና ተቀጠረች። አባቷ ስድስት ወር አኩርፈዋት ነበር አሉ። የመጀመሪያው ቀን ሻሿን ከጆሮ መከላከያው ሥር ጠቅልላ፣ አንጸባራቂው ሰደርያ ጉልበቷ ድረስ ወርዶባት ሳያት፣ ይቺ እስከ ምሳ ከቆየች እኔ ቀለሙ አልባል ብዬ ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ፣ እኔም ስሜን አልቀየርሁም።

ዛሬ አለቃችን ናት። አውሮፕላኑን ፊት ለፊት ቆማ በእጅ ምልክት የምታስቆመውም የምትሸኘውም እሷ ናት። ከመነሳቱ በፊት ዙሪያውን ዞራ፣ መሬቱ ንጹሕ ነው ብላ ፈርማ የምትሰጠውም እሷ ናት። ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መሬት ላይ የቀረች ብሎን ወይ ጠጠር ሽቅብ ትሳባለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምትሰብር እግዜር ይወቀው። ጀሊላ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት በተርታ አሰልፋን አስፋልቱን እያየን እንድንሄድ ታደርጋለች፣ እኔ ደግሞ እያጉረመረምሁ እሄዳለሁ። አንድ ጠባይ ግን አላት። አጥፍቶ የነገራትን ሰው አትቆጣም፣ የደበቃትን ግን አትምረውም። በዚህ የተነሳ እኛ ዘንድ ጥፋት አይደበቅም።

ያ ክረምት ደግሞ ክረምት አይባልም፣ መዓት ነበር። በቀን አንዴ ይመጣ የነበረው አውሮፕላን ሦስቴ ይመጣ ጀመር። ተማሪው ይመለሳል፣ ሰርገኛው ይመጣል፣ ናዳው የአዲስ አበባውን መንገድ ስለዘጋው መኪና የለመደው ሁሉ ወደኛ ጎረፈ። ከሁሉም በላይ ሐጃጆች የሚመለሱበት ሐምሌ ነበር። ሐጅ አድርጎ የሚመጣ ሽማግሌ ከነዘምዘም ውኃው ነው፣ ጀሪካኑ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት። እኛ ዘንድ ያለው ወግ ሐጂ ሻንጣ መቀበያው ጋ ተሰልፎ እንዲጠብቅ አያደርግም፤ ጀሪካኑን ተሸክመን መኪናው ድረስ እናደርስላቸዋለን፣ እሳቸውም እዚያው ቆመው ዱዓ ያደርጉልናል። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም እኩል ነው ዱዓው። እኔ በዚያ ሐምሌ የተመረቅሁት ምርቃት ለሦስት ትውልድ ይበቃል።

ታዲያ የዚያን ቀን ጠዋት ሱሩር የሚባለው ባልደረባችን የአንድ ሽማግሌ፣ የሐጂ ዐቂልን ጀሪካን አደረሰላቸው። ሱሩር ጉልበቱ የበሬ፣ ልቡ የሕፃን ነው። ሐጂ ዐቂል ከመካ ያመጡትን አዲስ ሙስበሃ፣ ያንን እስላሙ ዚክር የሚቆጥርበትን መቁጠሪያ፣ አውጥተው አንገቱ ላይ አጠለቁለት። የሐጂ ስጦታ እምቢ አይባል፤ ሥራ ላይ ደግሞ የሚንጠለጠል ነገር ክልክል ነው። ሱሩር ሆዬ ወደ መልበሻ ክፍል ወስዶ እንደማስቀመጥ፣ ከመካ የመጣን ነገር ከገላዬ አላርቅም ብሎ አንጓው ላይ ጠመጠመውና እጅጌውን አወረደበት።

በዚያው ቀን በአራት ሰዓት ተኩሉ አውሮፕላን የጀሊላ ልጅ ሀስና ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። ሀስና ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልቧ ሲፈጠር ጀምሮ ችግር አለበት። ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ከውጭ አገር የልብ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ብቻ መጥተው፣ ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ ተራዋ ደርሶ ነበር። ግን በዚያው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሆስፒታል ካልገባች ቦታው ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል፤ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። መንገዱ ዝግ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚያደርሳት ያ አውሮፕላን ብቻ ነው። ጀሊላ ፈረቃዋን አልቀየረችም፤ ልጇን በሩ ላይ ስማ ለባሏ ለከሊድ ሰጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መንገደኛው ገብቶ አለቀ። ሱሩር የመጨረሻዋን ሻንጣ ወደ ጭነት ክፍሉ ሲያነሳ፣ መያዣዋ እጅጌው ውስጥ ገብቶ ሙስበሃውን ያዘና በጠሰው። ጥቁር የእንጨት ፍሬ እንደ ሽምብራ በረረ። ክንፉ ሥር፣ ጎማው ሥር፣ ሞተሩ ፊት፣ በዝናብ ውኃ ውስጥ። ከኔና ከሱሩር በቀር ያየ አልነበረም። እኔ ምን እንደማደርግ ገና ሳስብ፣ ሱሩር እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ጀሊላ ሮጠ። ሁሉንም ነገራት፤ ስጦታውንም፣ መደበቁንም።

አልተቆጣችም። የጠየቀችው ፍሬው ስንት እንደሆነ ብቻ ነው። ዘጠና ዘጠኝ አላት፤ እሷም ታውቀዋለች፣ የፒያሳ እስላም ልጅ ናት። ለፓይለቱ ሞተር እንዳያስነሳ ምልክት ሰጠችና ሁላችንንም ጠርታ መሬት ለመሬት አሰማራችን። አውሮፕላኑን ጎትቶ ፈቀቅ የሚያደርግ መኪና ቢኖር ነገሩ ቀላል ነበር፣ የዚያን ቀን ግን አልነበረንም። በጉልበታችን እየሄድን ለቀምን። እሷ የሻንጣ ጋሪው ላይ በአሥር በአሥር እየደረደረች ትቆጥራለች። በፍሬዎቹ መካከል የሚገቡት መለያዎችም፣ ክሩ የሚቋጠርበት ራሱም ተገኙ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዘጠና ስምንት ሞላ።

አንዷ ጠፋች። አስፋልቱን በመጥረጊያ ጠረግን፣ ስንጥቁን በእንጨት ጫርን፣ የለም። ካፒቴኑ ከደረጃው ወርዶ ወደ ሰማይ እያየ ነበር። ከሐረጎ ተራራ በኩል ደመናው መውረድ ጀምሯል። ክረምቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያ ደመና ሜዳው ላይ ከተኛ የዚያን ቀን የሚነሳ የለም። ካፒቴኑ ሃያ ደቂቃ ቢኖረን ነው አለ። ጨዋ ሰው ነው፣ አላስቸኮላትም፤ አንቺ ካልፈረምሽ አልነሳም አላት። ያ ጨዋነቱ ባሰ።

ከሊድ የአውሮፕላኑ በር ላይ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጀሊላ፣ ሐኪሞቹ እኮ…»

«አውቃለሁ ከሊድ» አለችው። «ግባና ቀበቶዋን እሰርላት።»

ሱሩር ያለቅሳል፤ አንድ ፍሬ እንጨት ናት፣ የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ወላሂ እኔ እጠየቅበታለሁ ይላል። ሌሎቹም ልጅሽን አስቢ ይሏታል። እኔስ? እኔ ተናደድሁ። እውነቴን ነው፣ ድንጋይ ነሽ ልላት ምንም አልቀረኝም። ሀስናን ገና ስትድህ ጀምሮ ነው የማውቃት፤ አባባ ቀለሙ ትለኛለች። በመስኮቱ አሻግሬ ሳያት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ምን እየፈለግን እንደሆነ ታያለች።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር። እኔም ዚፕ ባለው ኪሴ የማስቀምጣት የጸሎት መቁጠሪያ አለችኝ፣ እሷም ጥቁር እንጨት ናት። ዘወር ብዬ ክሯን በጥርሴ በጠስሁና አንድ ፍሬ አወጣሁ። ጋሪው ሥር ጎንበስ ብዬ ተነሳሁና አገኘሁት ብዬ ጮህሁ። ሰው ሁሉ እልል ሊል ደረሰ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የማርያምን መቁጠሪያ የሐጂ ሙስበሃ ላይ ልጨምር።

ጀሊላ ፍሬውን ተቀበለችኝ። በሁለት ጣቷ መካከል አሽከረከረችው። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጣቷ አዲስና አሮጌ ይለያል። የኔው ስንት ዓመት በላብ የታሸ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከዚያ ጠጋ ብላ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈችልኝ።

«ይኼ የርስዎ ነው ጋሽ ቀለሙ» አለችኝ፣ ከኔ በቀር ማንም እንዳይሰማ። ዞር ብላ ደግሞ ለካፒቴኑ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አንድ ይቀራል» አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሷ ግን እኔን አፈረ አላፈረ ብላ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ትንሽ አሰበችና ማንም ከቆመበት እንዳይነቃነቅ አዘዘች። ሁላችሁም ጫማችሁን አሳዩኝ አለች። አንዳችን ያንዳችንን ትከሻ ይዘን፣ ሰኮናው እንደሚታይ በቅሎ እግራችንን አነሳን። የኔን አየች፣ ንጹሕ። የሌሎቹንም አየች። ሱሩር ጋ ደረሰች። የግራ እግሩ ጫማ ሥር፣ የጫማው ጥርስ መካከል በገባው ጭቃ ውስጥ ጥቁር ነገር ተሰክቶ ነበር። በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችው። ዘጠና ዘጠኝ።

ሱሩር ወዲያውኑ ፍግም አለ። ምክንያቱን እኛ ነን የምናውቀው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ጎማው ሥር ያለውን ታኮ የሚያነሳው እሱ ነው። የኔን ውሸት ተቀብላ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺን ፍሬ በጫማው ይዞ የሚሽከረከረው ሞተር አጠገብ ድረስ ይሄድ ነበር። የሀስና መስኮት ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ላብ ያሰምጠኛል።

ጀሊላ ሱሩርን ክንዱን ይዛ አስነሳችው፣ ስለነገረኝ አመሰግናለሁ፣ አሁን ወደ ታኮህ ሂድ አለችው። ሰዓቱን ጻፈች፣ ፈረመች። ደመናው ሜዳው ጫፍ ደርሷል። ሞተሮቹ ተነሡ፣ እሷም ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች።

ሀስና በመስኮቱ እናቷን አየችና ሁለት እጇን ታወናጭፍ ጀመር። ጀሊላ እጇን ማውለብለብ አልቻለችም። እዚያ ቦታ የቆመ ሰው እጁ የራሱ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለፓይለቱ ትእዛዝ ነው። ልጅቱ ታውለበልባለች፣ እናት ቀጥ ብላ ቆማለች። እኔ ልቤ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ መሸኛውን ምልክት ሰጠች፣ ቀኝ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እንደ ወታደር ሰላምታ። አውሮፕላኑ ዞረ፣ ተንደረደረ፣ ከደመናው ቀድሞ ተነሣ።

ድምፁ ሲጠፋ ጀሊላ ጋሪው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ዘጠና ስምንት ላይ ስደርስ ዘጠና ዘጠኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር» አለችኝ። «ለማንም አይንገሩ።»

አልነገርሁም ነበር። ዛሬ የነገርሁት፣ ድንጋይ ናት የሚሏት ሰዎች እንዲያፍሩ ነው።

ሀስና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ገባች። ጳጉሜን ላይ ተመለሰች፣ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ማንም ሳይደግፋት ወረደች፣ ከንፈሯ እንደ ሰው ከንፈር ቀይ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ይዛ የምታወራው ስለ ቀዶ ጥገናው አይደለም። ልሄድ ስል እናቴ በወታደር ሰላምታ ሸኘችኝ ትላለች። ሱሩር ያ እኮ ለካፒቴኑ ነው ብሎ ሊያርማት ሲል በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

በኋላ ግን እኔው ራሴ አላስችል አለኝና ጀሊላን ለብቻዋ ጠየቅኋት። ሰላምታው ለካፒቴኑ አልነበረም ወይ አልኋት።

«ለሱ ነበር» አለችኝ። «እሱን ግን አላየሁትም።»