መንገደኛ ሳይደርስ ቤት አይጠረግም

ታናሽ እህቴ ለትምህርት ወደ ሜልበርን የሄደች ቀን ቤታችን የሠርግ ማግስት መስሎ ነበር። ሊሸኟት የመጡት የሰፈራችን የሰቶ ሰመሮ ጎረቤቶች ቆሎውን ወለል ላይ ዘርተውት ሄደዋል። እሷም ብትሆን «አንቺ ነጭናጫ፣ ማንን ልትጨቀጭቂ ነው እንግዲህ?» ብላ ፈንድሻ በእፍኟ ወርውራብኛለች። መጥረጊያ ሳነሳ ግን እናቴ እጄን ያዘች። መንገደኛ ሳይደርስ ከጠረጉ መንገዱ አይቀናም ትላለች። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ቤት ውስጥ ስቀመጥ ነፍሴ ልትወጣ ነው የምትደርሰው።

ድሮ በአውቶቡስ ጊዜ ይህ ቀላል ነበር። ሰው አዲስ አበባ ሲሄድብን እናቴ ቁጭ ብላ «አሁን ሰኮሩን አለፈ፣ አሁን ጊቤን ተሻገረ፣ ወሊሶ ምሳ እየበላ ነው» ትላለች፤ ማታ ቤቱ ይጠረጋል። የሰማዩን መንገድ በምን ትቁጠረው? እህቴ ማታ ከአዲስ አበባ ልትነሳ ስትል ደወለችልን፤ እኔም በስልኬ የሁለቱን ኤርፖርቶች ርቀት ፈለግሁ። አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሥራ አምስት ሰዓት በረራ ይላል።

«መሐል ላይ ምን ከተማ አለ?» አለችኝ እናቴ።

አብዛኛው ባሕር ነው አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ልጄ መሬት ሳትረግጥ እህል አልቀምስም ብላ ቁጭ አለች። የስኳር በሽተኛ እኮ ናት።

በማግስቱ የተባለው ሰዓት ሞላ፤ ስልኩ ጭጭ። እናቴ ያቀረብኩላትን እህል አሁንም ገፋችው፤ እኔም ፈራሁ። የትኬቷን ፎቶ አውጥቼ ሳየው ለካ ስልኩ የነገረኝ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ቢበር ነው! እህቴ መንገድ ላይ ሌላ አገር ወርዳ፣ ለሰዓታት ጠብቃ ነው ሌላ አውሮፕላን የምትይዘው። ይህን ለእናቴ ብነግራት ልታባብይኝ ነው ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ያዳነችን ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት። ሾርባ ይዛ ገባችና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ማሎ እባክሽ፣ በእኛ እኮ መንገደኛ ራሱ ጾሙ ይነሳለታል። ልጅቷ ሰማይ ላይ እየበላች አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ ለማን ነው የምትጾሚው?»

እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ ሾርባውን ጠጣች። ቤቱ ግን አልተጠረገም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ደወለች። ደርሳለች፣ ደህና ናት፣ ብርድ ነው። እናቴ እልል ብላ ስታበቃ «በይ አሁን ጥረጊ» አለችኝ። እሰይ ብዬ መጥረጊያውን አነሳሁ። ወንበሩ ሥር ስደርስ ያ የወረወረችብኝ ፈንድሻ እንደወደቀ አለ። እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ትድረስ ትድረስ ስል መድረሷ ከእኛ መራቋ መሆኑን አላሰብኩትም ነበር።

«ምነው ቆምሽ? ደርሳለች እኮ» አለች እናቴ።

«አዎ፣ ደርሳለች» አልኩና መጥረጊያውን ቦታው መለስኩት።