የማይታየው ስፌት

ልብስ ሰፊዋ የእጅ አመል አለባት፤ የተቀደደ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ጡረተኛ ሾፌር የሆነው ባሏ፣ “ሰማዩ ቢቀደድ መሰላል አምጡልኝ ትላለች” እያለ ይስቅባታል።

የሱቋ ኪራይ አልቀመስ ሲል ዘጋችውና ኢንተርኔት ላይ ካለው ገበያ ገባች። የእህቷ ልጅ የግብዣ ቀሚሶቿን ፎቶ እያነሳች ትለጥፍላታለች። ገዢስ አልጠፋም። አንጀቷን ያሳረራት የመመለሱ ነገር ነው። ሰዉ ለብሶ፣ ጨፍሮ፣ ላቡን አድርቆ፣ አልወደድኩትም ይላል። ገበያው ደግሞ ዕቃው ምን ሆኖ እንደመጣ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ከእሷ ላይ ቆርጦ ይመልስለታል።

አንድ ቀን አረንጓዴው የሐር ቀሚስ ተመልሶ መጣ። አንገቱ ፓውደር በፓውደር ሆኗል፤ ጎኑ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተቀዷል። ክው ብላ ቀረች። ምን ዋጋ አለው፣ ያ አመሏ አላስቀምጥ አላት። ማንንም ሳታማክር አንገቱን አጠበች፤ ከራሱ ከጨርቁ ጠርዝ ክር መዝዛ ጎኑን ጠቀመችው። ንዴቷም ትንሽ ወጣላት።

የእህቷ ልጅ ስትመጣ ግን ራሷን ያዘች። የመጣ ዕለት ፎቶ ሳታነሺው? ምን ይደረግ፣ ቀሚሱን እንዳለ ፎቶ አንስተው ለገበያው አቤቱታ ጻፉ፦ ቀሚሱ ተቀዶ ነው የተመለሰው፤ ከእንግዲህ የተመለሰ ዕቃ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሰው ይየው፣ ሻጭም ይጠየቅ። ይህን ያህል ብቻ ነው የለመኑት።

መልሱ ሻይ ሳይፈላ መጣ። ቀሚሱ ጉዳት የለበትም፤ ሐሰተኛ አቤቱታ ስለቀረበ የኢንተርኔቱ ሱቅ ለዘለቄታው ተዘግቷል። ስልክ ብትደውል የተቀዳ ድምፅ ነው የሚያወራት።

“ሰው የለም እንዴ እዛ ቤት?” አለች ስልኩን እያየች።

ባሏ መነጽሩን አድርጎ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ወሰደ። ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ ለገበያው ሰዎች በፎቶ አሳይቶ ሊከራከርላት ነው። ጎኑን በጣቱ ዳሰሰ፤ ገልብጦም አየው። የቱ ጋ ነበር ሲላት እሷም ጎንበስ ብላ ፈለገች። አጣችው። የገዛ እጇ ጉድ ሠራት።

ባሏ መቀሱን አንስቶ አቀበላት። መልሰሽ ቅደጂውና እንላክላቸው ማለቱ ነው።

“አሁን ከቀደድኩትማ የእውነት ውሸታም ሆንኩ” አለችው።

ቀሚሱን ተኩሳ ሰቀለችው። አዲስ ይመስላል። የምትሸጥበት ቦታ ግን የላትም።