ለእንግዳ የተነፈገው የቱርሺ ውሃ

ዱምያጥ ተወልዶ፣ ዱምያጥ አድጎ፣ እዚያው ዱምያጥ አልጋና ቁም ሣጥን ቫርኒሽ ሲቀባ ያረጀው የእጅ ባለሙያ፣ ኡስታ አቡልመዓጢ፣ ስለ ራሱ ማውራት የሚጀምረው ከስሙ ነበር። «አባቴ በከተማችን ወሊይ ስም ነው የሰየመኝ። ትርጉሙ ሰጪው እንደ ማለት ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ለማንም ምንም ሰጥቼ አላውቅም» ይልና ከሰሚው በፊት ራሱ ይስቃል።

ግብጽ ውስጥ በንፉግ ላይ የሚቀለድ ቀልድ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ማረፊያው ዱምያጥ ነው። የዱምያጥ ሰው እንግዳ ሲመጣበት «እራት ትበላለህ ወይስ ቀለል ብሎህ ትተኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል ይባላል። ይህን ቀልድ የአቡልመዓጢን ያህል አሳምሮ የሚያወራ የለም። ቀድሞ በራሱ ላይ የሳቀ ሰው ለሌላው የሚስቅበት ትርፍ አያስቀርለትም፤ በሱ ቤት ይህም ቁጠባ ነው።

ከቁጠባው ሁሉ የሚኮራበት ግን የቱርሺ ውሃ ነበር። ሚስቱ ኢንሻራሕ ካሮትና አበባ ጎመን፣ ሎሚና ቃሪያ ከጨውና ከጥቁር አዝሙድ ጋር በትልቅ ጠርሙስ ትዘፈዝፋለች። ቱርሺው ኮምጥጦ፣ ተበልቶ ሲያልቅ በሌላው ሰው ቤት ውሃው ይደፋል። በአቡልመዓጢ ቤት ግን የውሃው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። በመጀመሪያ ይቀምሰዋል። ጨው ያነሰው እንደሆነ ይጨምርለታል፣ ሎሚ ይጨምቅበታል፣ በስሱ የተቆረጠ ካሮት ይከትበትና ፍሪጅ ያስገባዋል። ኪያር በፍጹም አይነካውም። ኪያር ባገለገለ ውሃ ሲልፈሰፈስ አንድ ጊዜ አይቶታል። ያንን የተልፈሰፈሰ ኪያር ለመጣል አንጀቱ አልችል ብሎ ብቻውን ሲበላ ሰንብቶ፣ ሆዱ የፈረደበትን ፍርድ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል። ካሮቱ ሲያልቅ ውሃው ወደ ምስር ሾርባ ይገባል፤ ከሾርባው የተረፈው ወደ ባቄላው፤ ከባቄላው የተረፈው ደግሞ የነሐሱን ትሪ ይወለውላል።

«እኔንም ስሞት በሱ ነው የምታጥበኝ» ትለዋለች ኢንሻራሕ።

«ኧረ አንቺንስ በአዲስ ውሃ! አንዴ ነው የምትሞቺው፤ ያን ያህል አያከስረንም» ይላታል።

ያላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ራውያ። እሱ «ልጅም ቆጥበን ነው» ይላል። ከራውያ በኋላ ኢንሻራሕ ሁለት ጊዜ ፅንስ እንደጨነገፈባት፣ በሁለተኛው ጊዜ እሱ ሱቁን ዘግቶ ጣውላ ላይ ተደፍቶ እንዳለቀሰ ግን ለማንም አያወራም። ያ ነገር ቀልድ አይወጣውም።

ራውያ መንሱራ ከተማ በአንድ ፋርማሲ ውስጥ ስትሠራ ሀይሰም የሚባል ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ችግሩ ልጁ የዘቃዚቅ ሰው መሆኑ ነው። ዘቃዚቅ ያለችው ሻርቂያ አውራጃ ውስጥ ነው። የሻርቂያ ሰዎች ደግሞ በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ የደረሰባቸውን ባቡር አስቁመው፣ ተሳፋሪውን በሙሉ አውርደው አበሉ ተብሎ በአገሩ ሁሉ የሚወራላቸው ናቸው። አቡልመዓጢ ይህን ሲሰማ «እነሱ ባቡር ይጋብዛሉ፣ እኔ ባቡር ሲያልፍ መስኮት እዘጋለሁ፤ ተሳፋሪዎቹ በምግባችን ሽታ እንዳይጠግቡ» አለ።

የሀይሰም ወላጆች ለዓርብ ምሳ እንደሚመጡ ሊናገሩ ሲደውሉ እናትየው ሐጃ ኒዕማት በስልኩ ውስጥ ሳቅ እያለች፣ «ኡስታ፣ በልተን እንምጣ ወይስ የሆነች ነገር ትቀምሳላችሁ ትሉናላችሁ?» አለች። አቡልመዓጢ ከት ብሎ ሳቀ። «በልታችሁ ኑ፣ የተረፋችሁንም ለኛ ይዛችሁ ኑ!» ብሎ መለሰላት። ኢንሻራሕም ሳቀች። ራውያ ግን የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ተከትሏት ሄደ።

«ምነው ልጄ፣ ቀልድ እኮ ነው።»

«ላንተ ቀልድ ነው አባዬ። እኔ ግን እዚያ ቤት ልኖር ነው። የተረፈ ሩዝ ባሞቅሁ ቁጥር፣ መብራት ባጠፋሁ ቁጥር ‹ተዋት፣ የዱምያጧ ናት› ሲሉኝ ልኖር ነው። አንተ እኮ ቀልዱን አውርተህ ወደ ቤትህ ትገባለህ።»

ለአቡልመዓጢ የገዛ አፉ ሲቀልድ የኖረው በልጁ ላይ መሆኑ ያን ቀን ነው የገባው። ከክፍሏ ወጥቶ ኢንሻራሕ ፊት ቆመና እንደ ሹም አወጀ፤ «ዓርብ ዕለት በዚህ ቤት ገበታ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ያገለገለ ነገር አይቀርብም!»

«እንግዲያው እኔና አንተም ከገበታው መነሳታችን ነው» አለች ኢንሻራሕ።

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ የሁለቱን ዳክዬዎች ሆድ በሽንኩርት ስትሞላ እሱ ትልቁን የቱርሺ ውሃ ጠርሙስ ከፍሪጅ አወጣ። ያ ውሃ እስከዚያ ቀን ካገላበጣቸው ሁሉ ምርጡ ነበር፤ እንደ ማር የወረዛ፣ ሎሚው ልኩን የያዘ። ክዳኑን ከፍቶ ወደ መታጠቢያው አዘነበለው። ጥቂት ፈሰሰ። ከዚያ እጁ ቀጥ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ እጁ ደግሞ እምቢ አለ። ሰው ከገዛ እጁ ጋር እንዲህ ሲጣላ ቢያዩት ሐኪም በጠሩለት ነበር። ክዳኑን ገጥሞ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቀለለና፣ «ደፋሁት!» ብሎ ወደ ማድ ቤት ጮኾ፣ በእግሩ ጣት ደረጃውን ወረደ። ምድር ቤት ካለው ሱቁ ገብቶ ከተደረደረው ጣውላ ጀርባ ሸሸገው። ሌባስ የሰው ንብረት ሰርቆ ነው የሚደበቅ፤ እኔ የገዛ የጨው ውሃዬን ይዤ ምን ያሳደደኝ ነው እያለ በራሱ አፈረ፤ ጣውላውን ግን አስጠጋበት። ወጥቶም ከገበያ ቱርሺ ገዛ። ቀለሙ ዓይን የሚወጋ ቀይ ነበር።

እንግዶቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ሐጅ ሰላማ፣ የሀይሰም አባት፣ በሩን በትከሻው የሚሞላ ሰው ነው። ከኋላው ሐጃ ኒዕማት ለሰፈሩ የሚበቃ ፈጢር፣ በቅቤ የተጋገረ ቂጣ፣ በትሪ ይዛ ገባች፤ ሀይሰም የማንጎውን ሣጥን ተሸክሞ ተከተለ። ምሳው ቀረበ። አቡልመዓጢ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን ሁሉ ሲያደርግ ዋለ። አንዱን ዳክዬ ሳይጨርሱ ሌላውን አስቆረጠ፣ በቀን መብራት አበራ፣ የእጅ መጥረጊያውን ወረቀት አንዱን ለሁለት ሳይቀድ ሙሉውን አደለ። ኢንሻራሕ እንዳመመው ሰው ትኩር ብላ ታየው ነበር።

ሐጅ ሰላማ ሁለተኛውን የዳክዬ እግር ጨርሶ፣ ግንባሩን ጠርጎ፣ የገበያውን ቱርሺ ቀመሰና ሳህኑን ቀስ ብሎ ገፋው። «ኡስታ፣ እጅዎ ይባረክ። አሁን ይሄን ስብ የሚቆርጥልኝ አንድ ብርጭቆ የቱርሺ ውሃ ይስጡኝ። ይሄን የገበያውን አይደለም፣ የቤታችሁን።»

አቡልመዓጢ የጠበቀው ሰዓት ደረሰ ብሎ ደረቱን ነፋ። «የለም ሐጅ! በዚህ ቤት ያገለገለ ውሃ አይቀመጥም። ደፍተነዋል!»

ማንኪያዎች ሁሉ ቆሙ።

«የት? ዱምያጥ ውስጥ?» አለች ሐጃ ኒዕማት። «የቱርሺ ውሃ ተደፋ?»

«ተደፋ።»

ሐጃዋ ባሏን አየችው። «ሰላማ፣ ሰምተሃል? ሁለት ዳክዬ ሰጥተውን ሲያበቁ የጨው ውሃ ነፈጉን።»

«ተዪው እንግዲህ» አለ ሐጅ ሰላማ፤ ልጅ ውሸት ሲናገር ሰምቶ የሚያልፍ ሰው ድምፅ ነበር። «ሰውየው የለም ካሉ የለም ነው። የራሳቸው ቤት ነው።»

ሀይሰም ሳህኑን ያይ ጀመር። የራውያ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ፣ ዓይኖቿ ሞሉ። አቡልመዓጢ ይህን አየ። ውሃውን ካመጣ ንፉግም ውሸታምም ነው። ካላመጣ ለእንግዳ የጨው ውሃ የነፈገ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሻርቂያ በየቤቱ የሚተረት ሰው ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሄድ የሚደርሰው ዱምያጥ ነው። ልጁ ግን ከዚያ ገበታ ላይ አንገቷን ደፍታ መነሳት የለባትም።

ተነሳ። ደረጃውን ወረደ። ሲመለስ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ጢሙና እጅጌው ሰጋቱራ ለብሶ ነበር። ጠርሙሱን ገበታው መካከል አኖረው።

«ውሸቴን ነው» አለ። «አልደፋሁትም። ልደፋው ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እናንተ ባቡር ጋባዦች ስትመጡ እኔም ዛሬ እንኳ ለጋስ ልምሰል ብዬ ከሚስቴ ደብቄ ጣውላ ውስጥ ሸሸግኩት። ንፉግ እንዳልባል ብዬ ነው የነፈግኋችሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ከኔ በቀር የሚችል ያለ አይመስለኝም።»

«ደፋሁት አላልከኝም አንተ?» አለች ኢንሻራሕ። «እኔ እኮ ጠዋት ማድ ቤት ውስጥ አልቅሼለታለሁ!»

ያን ጊዜ ሐጃ ኒዕማት ፈነዳች። የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ገበታውን እየደበደበች ሳቀች። ሐጅ ሰላማ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ ዘረጋ። ጠጣ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደግሞ ዘረጋ።

«ስንተኛ ጊዜው ነው ይሄ ውሃ?»

«ሦስተኛው» አለ አቡልመዓጢ አፍሮ።

«እኔም ብያለሁ። በአንድ ጊዜ እንዲህ አይሆንም።»

ራውያ ተነስታ ለራሷም አንድ ብርጭቆ ቀዳች። «ሐጃ፣ ከወዲሁ ልንገርዎት» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። የቱርሺ ውሃ አልደፋም፣ የተረፈ ሩዝም አሞቃለሁ። ቢስቁብኝ ይሳቁብኝ።»

«ማን ድፊ አለሽ የኔ ልጅ?» አለች ሐጃ ኒዕማት ገና እየሳቀች። «ይልቅ ለኔም ቅጂልኝ፤ አባትሽ አሁን መልሰው ሳይሸሽጉት።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። እጃቸውን ዘርግተው ለጋብቻው ስምምነት ፋቲሓ ቀሩ። ኢንሻራሕ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤትም ከየመስኮቱ መለሰላት። ሐጅ ሰላማ የሙሽሮቹ ቤት ቀለም ተቀብቶ አልቋል፣ ሠርጉ በሚቀጥለው ወር ይሁን አለ። አቡልመዓጢ ዛሬ በምንም ነገር አልከራከርም ብሎ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። እንዳላችሁ ሊል አፉን ከፈተ።

«አይሆንም» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ሐጃ ኒዕማት ፈገግ አለች። «ኧረ ኡስታ! በልጅም ንፉግ ሆኑብን?»

አቡልመዓጢ ለንፉግነት ቀልድ አጥቶ አያውቅም ነበር። በየኪሱ ነበረው። አሁን ሁሉንም ዳበሰ፤ አንድም አላገኘም። ራውያን አያት። ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር፤ እንደ እናቷ አንዱን በአንዱ ውስጥ ትከታለች።

«አዎ ሐጃ» አለ። «ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው፣ እናንተም ሳቁበት እኔም እስቅበታለሁ። በሷ ግን እውነቴን ነው። በሷ ንፉግ ነኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ብርዱ እስኪያልፍ ተዉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ኢንሻራሕ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሐጃ ኒዕማት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና ወደ አቡልመዓጢ ዞረች።

«ብርዱን ብቻ?» አለች። «እኛ እኮ የሻርቂያ ሰዎች ነን ኡስታ። ረመዳኑንም ጨምረንልዎታል። ዒዱንም እዚሁ እርስዎ ዘንድ ታክብር።»

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ ሀይሰም።

«ዝም በል አንተ» አለችው። «እየሰጠሁ ነው።»